ሚሞሪ ካርድም እንደ ቡና ደረጃ ይውጣለት

ካፋ ውስጥ ቡና ሳይመዘን፣ ከየት እንደመጣና የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ደረጃውም ሳይታይ ዋጋ አይቆረጥለትም። አቅራቢው ሚዛኑን ያያል። ላኪው ናሙና ያስቀምሳል። ደላላውም ቢሆን «የጊምቦ ነው፣ የዴቻ ነው» ብሎ አገሩን ሳይጠራ ዋጋውን አይጠራም። ያው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ከቡናው መጋዘን ወጥቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ጥፍር የምታክለውን ሚሞሪ ካርድ በላይዋ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አምኖ ይገዛል፣ የማን እንደሆነ ያልጠየቀውን ዘፈን ይሞላባታል፣ ጥራቱን ሳይሰማም ለገበሬው ይሸጣል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሚሞሪ ካርድ የሚቀበሉትን ትናንሽ የድምፅና የምስል ማጫወቻዎች ንግድ ነው። አንዳንዶቹ ሬዲዮና ስፒከር በአንድ ላይ የያዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም የእጅ መዳፍ የሚያህል ስክሪን አላቸው። ሸቀጡ ከቻይና ተነሥቶ በመርካቶ በኩል ጅማን አልፎ ቦንጋ ይገባል። ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ያለው መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያለው ነጋዴ ሁሉ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ሣጥን ስለሆነ ውድድሩ በሳንቲም ነው፣ ትርፉም እንደዚያው። አንዱን ሱቅ ከሌላው ሊለየው የሚችለው በካርዱ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እንግዲህ አስተያየታችን አጭር ነው፤ በቦንጋ የሚሸጥ ካርድ በቦንጋ ለሚሸጥ ቡና የሚጠየቀው ሦስት ነገር፣ ማለትም ሚዛን፣ ባለቤትና ደረጃ ይጠየቅለት። ይህን ቀድሞ ያደረገ ነጋዴ ገበያው የእርሱ ይሆናል።

«ጊዜው አልፎበታል» ለሚሉ

«በስልክ ዘመን ማጫወቻ ማን ይገዛል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ በዓለም ገበያ ዕቃው አርጅቷል። በኪስ የሚያዝ የኤምፒ ስሪ ማጫወቻ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። በዚያ ዓመት የወጡት መሣሪያዎች የ32 ሜጋ ባይት ቦታ ስለነበራቸው የሚይዙት የግማሽ ሰዓት ያህል ዘፈን ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሳንዲስክ፣ ፓናሶኒክና ቶሺባ በጋራ የኤስዲ ካርድን ይፋ አደረጉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን አይፖድ ማምረት ያቆመውም ከ21 ዓመት በኋላ በ2022 ነው።

ይሁን እንጂ የከተማ ገበያ አንድ ነው፣ የገጠር ገበያ ሌላ ነው። ካርድ የኢንተርኔት ሂሳብ አይቆጥርም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም አይጠፋም። ማጫወቻው በትንሽ ሶላር ይሞላል። በቡና ለቀማ ጊዜ ከቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ለአሥር ሰው ይሰማል። ከዚህም በላይ ካርዱ በማጫወቻ ብቻ ሳይወሰን ካርድ በሚቀበል ስልክ ውስጥም ይገባል። ስለዚህ ሣጥኑ ቢለወጥ እንኳ የካርዱ ንግድ አብሮ አይሞትም።

አንደኛ፣ ሚዛኑ

የካርድ ሚዛን ጊጋ ባይት ነው። በገበያ ላይ «ፎርጅድ» የሚባለው ካርድ የተበላሸ ካርድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ ያለው ቦታ 2 ጊጋ ሆኖ ሳለ ለማጫወቻውም ለኮምፒውተሩም «32 ነኝ» ብሎ እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ አለ። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዘፈኖቹ ስም በዝርዝሩ ላይ በሙሉ ይታያል፣ የመጀመሪያዎቹም ጥሩ አድርገው ይዘፍናሉ። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተጫኑት ግን ወይ አይከፈቱም ወይ የፊተኞቹን ያጠፋሉ። ገዢው ይህን የሚያውቀው ጨና ወይም አዲዮ ከቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከየጥቅሉ ጥቂት ካርዶችን አውጥቶ እስከ አፋቸው መሙላትና መጨረሻ የተጫነውን ፋይል ከፍቶ ማዳመጥ ይበቃል። ኮምፒውተር ያለው ነጋዴ ደግሞ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ቢያስኬድ ካርዱ ዳር እስከ ዳር ተጽፎ መልሶ ይነበባል፣ የጎደለውም ይታወቃል። ሙሉ ፍተሻ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ቢሆንም ሌሊት ተትቶ የሚሠራ ሥራ ነውና ከሰው ጋር ከመጣላት ይቀላል። ከመርካቶ በጅምላ የሚገዛም ቢሆን «ያልሞላ ካርድ እመልሳለሁ» የሚለውን ውል ብር ከመክፈሉ በፊት ይጨረስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። 8 ጊጋ የተባለ ካርድ ኮምፒውተር ላይ 7.4 ገደማ ቢል ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በሺህ እያበዛ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በ1,024 እያበዛ ስለሚቆጥሩ የሚመጣ ልዩነት ነው። ነጋዴው ይህን አስቀድሞ ለገዢው ቢነግር ክርክር ይቀራል።

የመሣሪያው አቅምም ከካርዱ ጋር መግጠም አለበት። የመጀመሪያዎቹ የኤስዲ መሣሪያዎች ከ2 ጊጋ በላይ አያነቡም። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት እስከ 32 ጊጋ ያነባሉ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ በርካሽ ማጫወቻ ላይ ቢገባ ብዙ ጊዜ «ካርድ የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ለገበሬው ትልቁን ካርድ መሸጥ ትርፍ ቢመስልም በማግስቱ ተመልሶ ከመጣ ኪሣራ ነው። ተራ ጥራት ያለው ዘፈን፣ ማለትም በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የሚሄደው፣ በደቂቃ 1 ሜጋ ባይት ያህል ይፈጃል። አምስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን 5 ሜጋ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ የ4 ጊጋ ካርድ 800 ያህል ዘፈን ይይዛል። ይህም ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢጫወት ወደ ሦስት ቀን የሚጠጋ ነው። ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ሁለተኛ፣ ደረጃው

ቡና ሳይለቀም፣ ሳይደርቅና ሳይበጠር ደረጃ እንደማያገኝ ሁሉ ካርድም አሞላሉ ደረጃውን ይወስነዋል። ሱቁ ለገዢው የሚያደርገው ዝግጅት እነሆ።

በመጀመሪያ ካርዱ «ፋት 32» በሚባለው ዓይነት ፎርማት ይደረግ። ርካሽ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ፋይሎቹ በቁጥር፣ 001፣ 002፣ 003 እየተባሉ ይሰየሙና በዚያው ተራ ይገልበጡ። ብዙዎቹ ትናንሽ ማጫወቻዎች የሚያጫውቱት በስም ቅደም ተከተል ሳይሆን በተገለበጡበት ተራ ነው። የትምህርት ቅጂ ከሆነ ሦስተኛው ክፍል ከአንደኛው ቀድሞ እንዳይሰማ ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሙ በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ ርካሽ ስክሪን ላይ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ፣ የሚጻፈው በላቲን ፊደል መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የካፊኖኖ ዘፈንና ትምህርት በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ በራሱ ስም ሊነበብ ይችላል ማለት ነው።

ምስል ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል። በዕቃው ሣጥን ላይ «ኤምፒ ፎር» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ ይከፈትለታል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የሚቀበሉት በስክሪናቸው ልክ የተቀነሰ፣ ለምሳሌ 320 በ240 የሆነ፣ ኤቪአይ ወይም ኤኤምቪ የሚባል ዓይነት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በኮምፒውተር መለወጥና ለገዢው በሚሸጠው በራሱ መሣሪያ ላይ ከፍቶ ማሳየት ያስፈልጋል። ተቀንሶ ሲለወጥ ቦታም ይቆጥባል።

በመጨረሻም ገዢው ሁለት ቃል ተነግሮት ይሂድ። አንደኛው፣ ካርዱን ከማውጣት በፊት ማጫወቻውን ማጥፋት ነው። እየሠራ የተነቀለ ካርድ ማውጫው ይበላሽና «ፎርማት ይደረግ» ይላል፣ ፎርማት ሲደረግም ያለው ሁሉ ይሄዳል። ሁለተኛው የባትሪው ነገር ነው። ብዙዎቹ የሬዲዮ ዓይነቶች የሚሠሩት «ቢኤል 5ሲ» በሚባለው የድሮ ኖኪያ ስልክ ባትሪ ነው። ይህ መልካም ነው፣ መለዋወጫው አይቸግርም። ገዢው ሲገዛ ባትሪው ሲያረጅ ብቻውን የሚለወጥ መሆኑን ከፍቶ ይይ።

ይህ ሁሉ ሥራ ለአንድ ካርድ ቢበዛ የሩብ ሰዓት ነው፣ ልምድ ሲገኝ ደግሞ ያንሳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ፈጥኖ ሞልቶ ከመሸጥ አዘጋጅቶ መሸጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ኮምፒውተር አስቀምጦ «ሚሞሪ እንሞላለን» የሚለው ሱቅ የሚሸጠው ዘፈን የማን ነው? ቡና ከሆነ «የማን ማሳ?» ይባላል። የሰው ቡና ለቅሞ የሸጠ ሰውም ስሙ ሌባ ነው። የዘፈኑ ግን እንደ ወንዝ ውሃ ተቆጥሯል።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁ መብት ሰጥቷል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አንድ ሰው ለግሉ መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማድረጉን አዋጁ ይፈቅዳል። በገንዘብ ለመጣው ሁሉ እየገለበጡ መስጠት ግን የግል መጠቀሚያ ሊባል አይችልም። ሆነ ብሎ መብት የጣሰ በእሥራት እንደሚቀጣ አዋጁ ያስቀምጣል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። አደጋው እንዲህ ከሆነ በእንዲህ ያለ ንግድ ላይ ትልቅ ገንዘብ የሚያፈስ ባለሀብት ዓይኑን ጨፍኖ እየሄደ ነው።

ሕጉ ባይኖር እንኳ የገበያው ሂሳብ ራሱ አያዋጣም። የካሴት አሳታሚዎች ለዘፋኙ ቀብድ ሰጥተው፣ ስቱዲዮ ከፍለው፣ ካሴት አባዝተው ያተርፉ ነበር። ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በፍላሽና በሚሞሪ ሲተካ የቅጂው ዋጋ ወደ ምንም ወረደና ብዙዎቹ አሳታሚዎች ከገበያው ወጡ። የአዲስ አበባ ዘፋኝ ቢያንስ የመድረክ ሥራ አለው፣ በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው አውታርን በመሰለ የስልክ መተግበሪያም የመሸጥ ዕድል አግኝቷል። በካፊኖኖ የሚዘፍነው ልጅ ግን ገበያው ካፋ ነው። የመጀመሪያው ካርድ በተሸጠ በሳምንቱ ዘፈኑ በየሱቁ በነፃ ከተጫነ ሁለተኛ ዘፈን የሚያወጣበት ገንዘብ የለውም። ያን ጊዜ ባለሱቁም የሚሸጠው አዲስ ነገር ያጣል። የዘፋኙን ድርሻ የሚበላ ባለሱቅ የራሱን የዘር ቡና እየቆላ ነው።

ስለዚህ ውል ይደረግ። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 50 የአካባቢ ዘፈኖችን መርጦ ለእያንዳንዱ ዘፈን በአንድ ካርድ 20 ሳንቲም ሊከፍል ቢስማማ፣ በካርድ 10 ብር ይሆናል። 3,000 ካርድ ቢሸጥ 30,000 ብር ለባለመብቶቹ ደረሰ ማለት ነው። ለገዢው 10 ብር ያን ያህል ሸክም አይደለም። ለዘፋኞቹ ግን ወደ ስቱዲዮ መመለሻ ነው። ካርዶቹ ቁጥር ይሰጣቸው፣ የዘፈኖቹ ዝርዝርና የባለመብቶቹ ስም በወረቀት ታትሞ አብሮ ይሸጥ። ዋጋው ምሳሌ ነው፣ ተዋዋዮቹ የሚቆርጡት ይሆናል። ዋናው ነገር በጽሑፍ መሆኑ ነው።

ቡናው ራሱ ይክፈል

«ታዲያ ፈቃድ ከፍዬ፣ ካርድ ፈትሼ፣ ከጎረቤቴ ሱቅ ጋር በምን እወዳደራለሁ?» የሚለው ነጋዴ ልክ ነው። ወጪው ሁሉ በገበሬው ላይ ከተጣለ አይሸጥም። እኛ የምንለው፣ ከወጪው ከፊሉን ገበሬው በሚያመጣው ቡና የሚጠቀሙት ወገኖች ይክፈሉ ነው።

ላኪው፣ አቅራቢውና የገበሬዎች ዩኒየኑ የሚፈልጉት ቀዩ እሸት ብቻ ተለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ፣ በየጊዜው ተገላብጦ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ የገባ ቡና ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይሄዳል። አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ሲቀላቀል የሚጠፋው የስድስቱም ኪሎ ድካም ነው። ይህን ለማስተማር ባለሙያ በየቀበሌው በየዓመቱ መላክ ውድ ነው። የአሥራ አምስት ደቂቃ ትምህርት በድምፅ ሲቀረጽ ግን 7 ሜጋ ባይት ገደማ ብቻ ይይዛል። ከ4 ጊጋ ካርድ አምስት መቶኛውን እንኳ አይሞላም። ከዘፈኖቹ መካከል ቢገባ የሚያጣብበው ነገር የለም።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም፣ አገራችን ሞክራዋለች። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና ካፋ ያኔ ይገኝበት በነበረው በደቡብ ክልል ገበሬዎች ራሳቸው በራሳቸው ቋንቋ የሚያስረዱበትን አጭር ቪዲዮ እየቀረጸ፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለገበሬ ቡድኖች ሲያሳይ ቆይቷል። በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ የተደረገው ጥናትም ቪዲዮው የደረሳቸው ገበሬዎች አሠራሩን የበለጠ እንዳወቁና እንደተጠቀሙበት አሳይቷል። የመንግሥትና የዕርዳታ ድርጅት ገንዘብ ያደረገውን የቡና ንግድ ለምን ለራሱ ጥቅም አያደርገውም?

በካፋ ይህን የሚያስገድድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝሐ ሕይወት ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ቡና ከደን ምንጣሮ ነፃ መሆኑ ከነማሳው መገኛ እንዲረጋገጥ የሚጠይቅ ደንብ አጽድቋል። ማሳውን የሚለካ ሰው ሲመጣ ገበሬው «መሬቴን ሊወስዱ ነው» ብሎ እንዳይሸሽ ምክንያቱን በቋንቋው፣ ከሚያምነው ሰው አንደበት፣ ደጋግሞ መስማት አለበት። ስብሰባ አንድ ጊዜ ይሰማል፣ ካርድ ግን መቶ ጊዜ ይሰማል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሠራር ይህ ነው። ላኪው ወይም ዩኒየኑ ትምህርቱን በካፊኖኖ ያስቀርጽ፣ ለተጫነበት ለእያንዳንዱ ካርድም ለባለሱቁ የተወሰነ ይክፈል። ባለሱቁ በዚያ ክፍያ የዘፈኑን ፈቃድና የፍተሻውን ወጪ ይሸፍን። ገበሬው በተለመደው ዋጋ ያልተጭበረበረ ካርድ ይግዛ። ደላላም ቦታ አለው። ዘፋኙን፣ ላኪውንና ባለሱቁን የሚያገናኝ፣ ውል የሚያጽፍ ሰው ያስፈልጋልና።

ጉድለት የለውም አንልም። ትምህርቱ ያለው ካርድ ተሽጦ ትምህርቱ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ሰውም አጥፍቶ ዘፈን ይጭንበት ይሆናል። ይህን ለመቀነስ ትምህርቱ አጭር፣ በጨዋታ የተለወሰ፣ ከዘፈን ዘፈን መካከል የገባ ይሁን። ላኪውም ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አያፍስ። በመጀመሪያው ዓመት በጊምቦ ወይም በጨና በሚገኙ ጥቂት ማኅበራት ጀምሮ፣ ካርድ ያገኙትና ያላገኙት ያመጡትን እሸት በሚዛኑ ላይ ያወዳድር። ሚዛኑ ካልመሰከረ ይተወው።

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛውም እንግዳውም ወደ ከተማይቱ ይመጣል፣ ሱቁም ይበዛል። ሱቅ ሲበዛ ተመሳሳይ ሣጥን መሸጥ የማያዋጣበት ጊዜ ይፈጥናል። የቡና ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ባሉት ወራት ካርዱን የሚፈትሽ፣ ከዘፋኙ ጋር የሚዋዋል፣ የላኪውን በር የሚያንኳኳ ነጋዴ አንድ እርምጃ ይቀድማል። የተቀረው እንደ ልማዱ ቁጥር አምኖ ይግዛ። ገበሬው ግን የተታለለበትን ሱቅ አይረሳም፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀንም ለጎረቤቱ ይነግረዋል።